በድራፍት አጥቂን ማዘግየት ያስከፍላል፦ “አራት አማካይ አስቀድሙ” ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ (የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን መርጦ፣ በሜዳ ላይ በሚሠሩት ሥራ ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ) ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ድራፍት ነው። በ100 ሚሊዮን ፓውንድ በጀት ቡድን የሚሠራበትን የተለመደውን ጨዋታ አይመለከትም፤ ማናጀሮች ተራ በተራ እየመረጡ አንድ ተጫዋች በሊጉ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ የሚሆንበትን ጨዋታ ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ ልበ ሙሉ ነው፣ ጀማሪን ይማርካል። ብዙ ሰውም እንዳለ ተቀብሎ ለምርጫው ቀን እየተዘጋጀበት ነው። እኔ ግን ዋና ምክሩ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክሩን የተከተለ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚከፍለው ዋጋም ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የነጥብ ሰንጠረዡ አናት ላይ በየዓመቱ የሚበዙት አማካዮች ስለሆኑ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ዙር አማካይ ብቻ ውሰዱ ይላል። በ5ኛው ዙር የትልቅ ክለብ ግብ ጠባቂ ያዙ፤ 90 ደቂቃ ይጫወታል፣ አይቀየርም፣ በየሳምንቱ ነጥብ አለው ይላል። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ዙር በ2025/26 የመጣው የመከላከል ነጥብ የሚጠቅማቸውን ተከላካዮች ሰብስቡ፤ አጥቂ ከ9ኛ ዙር በኋላ ይደርሳል፣ በቋሚ አሰላለፍ አንድ ብቻ ማስገባት ይበቃልና ይላል። ከ10ኛ ዙር በኋላ ያለው ምርጫ ደግሞ ተጠባባቂ መሙያ ነው፣ አትጨነቁበት ብሎ ይዘጋል። በመሀል የተጫዋቾቹን ቅደም ተከተል በተለመደው ጨዋታ ካላቸው ዋጋ ላይ እንድንወስድም ይመክራል።

“አማካዮች ብዙ ነጥብ ያመጣሉ፤ ስለዚህ አስቀድሟቸው”

የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። አማካይ ሲያገባ 5 ነጥብ፣ አጥቂ ሲያገባ 4 ነጥብ ነው። ቡድኑ መረቡን ሳያስደፍር ሲወጣ አማካዩ 1 ነጥብ ይጨመርለታል፣ አጥቂው ምንም አያገኝም። የአርሰናሉ ካይ ሃቨርትዝ በ2023/24 በሊጉ 13 ግብ ሲያስቆጥር በጨዋታው መዝገብ ላይ አማካይ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት አጥቂ ተብሎ ተመዘገበ። እነዚያ 13 ግቦች በአማካይነት 65 ነጥብ ናቸው፣ በአጥቂነት 52። ሰውዬው ያው፣ እግሩም ያው፣ ልዩነቱ የመዝገብ ነው።

ሌላም እቀበላለሁ። በ2024/25 መሐመድ ሳላህ በ29 ግብና በ18 አሲስት (ለግብ የተቀበለ ኳስ) 344 ነጥብ ሰበሰበ፤ በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛው ነው። ሁለተኛ የወጣው ብሪያን ምቤሞ 236 ነበረው። ሁለቱም አማካይ ናቸው። በዚያ ዓመት አንደኛ መራጭ ሆኖ ሳላህን ትቶ አጥቂ የወሰደ ሰው ተሳስቷል፤ በዚህ ክርክር የለኝም።

ግን ይህንኑ ቁጥር ደግመን እንየው። በአንደኛውና በሁለተኛው አማካይ መካከል 108 ነጥብ አለ። ሳላህን የወሰደ ሰው የተጠቀመው አማካይ ስለወሰደ አልነበረም፤ ሳላህን ስለወሰደ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያሉት አማካዮች ተጠጋግተው የተሰለፉ ናቸው፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይተካዋል። ጽሑፉ የአንድን ሰው ልዩ ዓመት ወስዶ ለቦታው ሁሉ ደንብ አድርጎታል።

በድራፍት ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ተጫዋች ዛሬ ብተወው፣ ተራዬ እስኪመለስ በዚያው ቦታ ላይ የሚቀርልኝ ከሱ በስንት ያንሳል? አማካይ ይሁን አጥቂ፣ ብቻውን የሚያመጣው ነጥብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። አንድ ምሳሌ በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ግምቶች ናቸው። 8 ማናጀሮች ባሉበት ሊግ 5ኛ መራጭ ነህ እንበል። ምርጫው እንደ እባብ እየታጠፈ ስለሚመለስ የአንተ ተራዎች 5ኛ፣ 12ኛ፣ 21ኛ፣ 28ኛ ናቸው። 12ኛው ላይ ከፊትህ 175 ነጥብ የምትጠብቅበት አማካይና 165 የምትጠብቅበት አጥቂ አሉ። ጽሑፉ “አማካዩን” ይልሃል፣ በ10 ነጥብ ይበልጣልና። ከዚያ ሌሎች 8 ተጫዋቾች ይሄዱና 21ኛው ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ጥሩው አማካይ 158፣ ጥሩው አጥቂ ግን 125 ቢሆን፣ አማካይ አስቀድሞ አጥቂ ያስከተለ 175 እና 125፣ ድምር 300 ያገኛል። አጥቂ አስቀድሞ አማካይ ያስከተለ 165 እና 158፣ ድምር 323። በ10 ነጥብ የሚያንሰውን ሰው በማስቀደም 23 ነጥብ ተተረፈ።

ቁጥሩ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። 21ኛው ላይ 150 የሚያመጣ አጥቂ የሚቆይ ቢሆን ኖሮ አማካይ ማስቀደም 325 ለ323 ያሸንፍ ነበር። ስለዚህ እኔም “ሁልጊዜ አጥቂ” አልልም። የምለው ስሌቱ መሠራት አለበት ነው፤ ጽሑፉ አንድ ጊዜም አልሠራውም።

ስሌቱ ለምን በአብዛኛው ወደ አጥቂ እንደሚያደላ የሚገባን ደግሞ የእያንዳንዱን ቦታ አቅርቦት ስንቆጥር ነው። አንድ ቡድን 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ ይይዛል። በ8 ሰው ሊግ 16 ግብ ጠባቂ፣ 40 ተከላካይ፣ 40 አማካይ፣ 24 አጥቂ ይወሰዳል ማለት ነው። ፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለብ አለው። አብዛኞቹ የሚያሰልፉት አንድ አጥቂ ነው፤ ክንፍ ላይ የሚጫወቱት ብዙዎቹ በጨዋታው መዝገብ አማካይ ተብለዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ በቋሚነት የሚጀምሩት አጥቂዎች ቁጥር ከሚወሰዱት 24 ብዙም አይርቅም። አማካዮችን ቁጠሩ፦ አንድ ክለብ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ያሰልፋል። በትንሹ 60 ቋሚ አማካይ አለ፣ የሚወሰደው 40 ነው። ሜዳው ላይ 20 እና ከዚያ በላይ ቋሚ ተሰላፊ አማካይ ባለቤት ሳይኖረው ይቀራል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር ደግሞ እዚህ ላይ አለ። በድራፍት ዓመቱን ሙሉ ተጫዋች ስትለውጥ የሚወጣውና የሚገባው አንድ ዓይነት ቦታ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የቡድኑ ቅርጽ ሁልጊዜ 2፣ 5፣ 5፣ 3 ነውና። ተርፈውህ የተቀመጡ ሁለት አማካዮችን ጥለህ አንድ አጥቂ ማምጣት አትችልም። አማካይህ ቢጎዳ ባለቤት ከሌላቸው መካከል በየሳምንቱ የሚጀምር ሰው ታገኛለህ፤ ለታችኛው ክለብ የቅጣት ምት የሚመታ፣ በቅርቡ ቦታ ያገኘ ወጣት፣ አዲስ የፈረመ። አጥቂህ ቢጎዳ የምታገኘው በ75ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የሚገባና 1 ነጥብ ይዞ የሚመለስ ሰው ነው። በድራፍት ቀን የተሠራ የአማካይ ስህተት በኅዳር ይታረማል። የአጥቂ ስህተት እስከ ግንቦት አብሮህ ይቆያል።

የጽሑፉ መስፋፋት ራሱ ምክሩን ያፈርሰዋል። በሊግህ ያሉት ሰባቱም አንብበውት አራት አራት አማካይ ካስቀደሙ፣ 28 አማካይ ይሄድና አጥቂዎቹ ሳይነኩ ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ 2ኛው ዙር ላይ የሊጉ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አጥቂ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

“አንድ አጥቂ ካሰለፍክ ይበቃል”

ደንቡ በርግጥ ይፈቅዳል። 4-5-1 ማሰለፍ ይቻላል፤ አጥቂ ቢያንስ አንድ፣ ተከላካይ ቢያንስ ሦስት መሆን አለበት። ጸሐፊው ያላየው ይህ “ቢያንስ አንድ” የሚለው ደንብ በራስ-ሰር ቅያሪ ላይ፣ ማለትም ሥርዓቱ ያልተጫወተውን ሰው ራሱ በተጠባባቂ ሲተካ፣ የሚያደርገውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብቸኛ አጥቂህ ልምምድ ላይ ጡንቻው ተሳበና ከስብስብ ወጣ እንበል። የጌምዊኩ (የሳምንቱ ጨዋታዎች ዙር) ቡድን ማስተካከያ ሰዓት አልፏል። ተጠባባቂ ወንበርህ ላይ በቅደም ተከተል አንደኛ አንድ ተከላካይ ተቀምጧል፤ ተጫውቶ፣ መረቡ ሳይደፈር ወጥቶ 6 ነጥብ ይዟል። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ በ12ኛና በ13ኛ ዙር የወሰድካቸው አጥቂዎች ናቸው፣ አንዳቸውም አልተሰለፉም። ሥርዓቱ ተከላካዩን ያስገባልሃል? አያስገባም። ቢያስገባው ቡድንህ ያለ አጥቂ ይቀራል፣ ያ ደግሞ አይፈቀድም። አጥቂውን ሊተካ የሚችለው ሌላ የተጫወተ አጥቂ ብቻ ነው። 6ቱ ነጥብ ወንበር ላይ ይቀራል፣ በ10 ሰው ትጨርሳለህ። ሁለት ቋሚ አጥቂ ይዘህ 3-5-2 ወይም 4-4-2 ብታሰልፍ ኖሮ አንዱ ሲቀር ተከላካዩ ወይም አማካዩ እንደልብ ይገባ ነበር።

በቦነስ በኩልም ጽሑፉ አጥቂን አሳንሶ አይቷል። በእያንዳንዱ ጨዋታ ለምርጦቹ 3፣ 2፣ 1 ተጨማሪ ነጥብ (ቦነስ) የሚከፋፍለው የውስጥ ስሌት ለአጥቂ ግብ 24፣ ለአማካይ 18፣ ለተከላካይና ለግብ ጠባቂ 12 ይሰጣል። በአንድ ጨዋታ አንዳንድ ግብ ካስቆጠሩ አጥቂና አማካይ መካከል ቦነሱን ለማግኘት ወደፊት የሚቀድመው አጥቂው ነው። ያቺ የ1 ነጥብ የግብ ልዩነት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ትጠፋለች። ኤርሊንግ ሃላንድ በ2022/23 በ36 ግብ 272 ነጥብ፣ ሃሪ ኬን በ30 ግብ 263 ነጥብ አምጥተዋል፤ “4 ነጥብ ብቻ” በሚያገኝ ቦታ ላይ ሆነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውለት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የሊጉ መጠን ነው። በ4 ሰው ሊግ የሚወሰደው አጥቂ 12 ብቻ ነው፤ ሁሉም ሰው ጥሩ ጥሩ አጥቂ ይዞ ያድራል፣ አማካይ ማስቀደምም ያዋጣል። በ6 ሰው 18 ይሆናል፣ ነገሩ ይቀራረባል። ከ8 ጀምሮ ግን የአጥቂ ጉድለት በግልጽ ይታያል፤ በ10 ሰው ሊግ 30 አጥቂ ሲፈለግ የግድ የማይጀምሩ ሰዎች ይወሰዳሉ። ሁለተኛው የዝውውር አደጋ ነው። ድራፍቱ የሚካሄደው የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ ስለሆነ ትልልቅ አጥቂዎች በመሀል ሊሄዱ ይችላሉ። አሌክሳንደር ኢሳክ በ2024/25 በኒውካስል 23 ግብና 211 ነጥብ ነበረው፤ በቀጣዩ ነሐሴ ግን የዝውውር ውዝግብ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች አልተሰለፈም፣ መስከረም 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) መስኮቱ ሲዘጋ ወደ ሊቨርፑል ሄደ። በመጀመሪያው ዙር የወሰደው ሰው ዜሮ እየቆጠረ ጀምሯል። ስለዚህ አጥቂ ስታስቀድሙ ክለቡ ውስጥ መቆየቱ የተረጋገጠውን ውሰዱ፤ ስሙ በዝውውር ወሬ በየቀኑ የሚነሳውን አንድ ዙር ዝቅ አድርጉት።

“በ5ኛው ዙር የትልቅ ክለብ ግብ ጠባቂ”

ከምክሮቹ ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ነው።

20 ክለብ፣ 20 ቋሚ ግብ ጠባቂ። በ8 ሰው ሊግ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቋሚ ቢወስድ እንኳ 4 ቋሚ ግብ ጠባቂ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁሉም 90 ደቂቃ ይጫወታል፤ ጽሑፉ እንደ ልዩ ጥቅም ያነሳው ይህ ነገር የሁሉም ግብ ጠባቂ ባህርይ ስለሆነ አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ደግሞ የማዳን ነጥብ ያጠበዋል። ትልቅ ክለብ የሚጠብቅ ሰው መረቡ ሳይደፈር ሲወጣ 2 እና 4፣ 6 ነጥብ አለው፤ ያዳነው ኳስ ግን አንድ ወይም ሁለት ነውና ከማዳን የሚያገኘው የለም። ደካማ ክለብ የሚጠብቀው በዚያው ቀን 2 ገብቶበት 6 ኳስ ቢያድን፣ ለተጫወተበት 2፣ ለማዳን 2፣ ለገባበት ሲቀነስ 1፣ 3 ነጥብ ያገኛል። በሚሸነፍበት ቀን 3፣ በሚቀናው ቀን 7 ወይም 8 ያመጣል። ዓመቱ ሲደመር ርቀቱ ከጠበቃችሁት ያነሰ ነው።

ከዚህም በላይ ማን መረቡን እንደሚያስከብር አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። በ2024/25 የወርቅ ጓንቱን (ብዙ ጊዜ መረቡን ላላስደፈረ ግብ ጠባቂ የሚሰጠውን ሽልማት) የአርሰናሉ ዳቪድ ራያና ማትዝ ሴልስ እያንዳንዳቸው 13 ጊዜ ሳይደፈሩ ተካፈሉት። ራያን በ5ኛ ዙር የወሰደ ሰው አለ፤ የሴልስ ክለብ ኖቲንግሃም ፎረስት ግን በቀደመው ዓመት 17ኛ ሆኖ ከመውረድ ለጥቂት የተረፈ ነበር። ሴልስ በመጨረሻዎቹ ዙሮች፣ ወይም ከምርጫው በኋላ በነፃ፣ የሚገኝ ሰው ነበር። በ2020/21 ከግብ ጠባቂዎች ሁሉ ብዙ ነጥብ ያመጣው ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝም የተጫወተው በቀደመው ዓመት 17ኛ ለነበረው አስቶን ቪላ ነው፤ 15 ጊዜ መረቡን አላስደፈረም፣ 186 ነጥብ ሰበሰበ። የጓንቱ ባለቤት ትልቅ ክለብ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ግን 5ኛ ዙርን ያህል ዋጋ የሚያስከፍል ርግጠኝነት የለውም። በ5ኛው ዙር በምትወስደው ራያ ምትክ የምታጣው የሊጉ 35ኛ ወይም 40ኛ ምርጥ ተጫዋች ነው፣ ምናልባትም ሁለተኛ አጥቂህ።

በ8 ሰው ሊግ የሚሻለው መንገድ አንዱን በ13ኛ ዙር፣ ሌላውን በ15ኛው መውሰድ ነው። ስትመርጣቸው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጌምዊኮች መርሐ ግብር ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ አንዱ ሜዳው ላይ ሲጫወት ሌላው ከሜዳው ውጭ የሚሆንበትን ጥንድ ፈልግ። ከዚያ በኋላ ባለቤት የሌላቸው አራቱ በየሳምንቱ በእጅህ ናቸው።

የሊጉ መጠን ሲያድግ ግን ምክሬ ይለወጣል። በ10 ሰው ሊግ 20 የግብ ጠባቂ ቦታ አለ፤ ሁሉም ቋሚ ከወሰደ ሜዳው ላይ የሚቀር የለም። በ12 ሰው 24 ቦታ ስላለ አራት ቦታ በማይጫወት ሰው ይሞላል። እንዲህ ባለ ሊግ የመጀመሪያውን በ9ኛ ወይም በ10ኛ ዙር ያዝ፤ ሁለተኛ ቋሚ ካላገኘህ የራስህን ግብ ጠባቂ ተጠባባቂ ውሰድ፤ የመጀመሪያው ሲጎዳ ወይም በቀይ ካርድ ሲወጣ ቦታውን የሚወስደው እሱ ነው። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፦ አንዱ ማናጀር ግብ ጠባቂ ሲወስድ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው “አለቀብኝ” ብሎ ይደነግጣል። ሦስት ግብ ጠባቂ በተከታታይ ሲሄድ ካየህ ሦስት ማናጀሮች የሜዳ ተጫዋች ሳይወስዱ አለፉ ማለት ነው። ያቺ ደቂቃ የአንተ ናት።

“የመከላከል ነጥብ ተከላካዮችን ከአጥቂ አስቀድሟል”

ከ2025/26 ጀምሮ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ማጽዳት፣ ማገድ፣ ማቋረጥና ታክል (ኳስ መንጠቅ) ተደምሮ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። ለአማካይና ለአጥቂ የለቀቀ ኳስ መልሶ መያዝም ይቆጠርና ገደቡ 12 ነው። ከ2 ነጥብ በላይ አይሰጥም። ጸሐፊው ደንቡን በትክክል አስቀምጧል፤ የተሳሳተው ከደንቡ ባወጣው መደምደሚያ ነው።

አንድ ደንብ በቦታው ላይ ላሉ ብዙ ሰዎች ነጥብ ሲጨምር፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረውንም ሰው ያሳድገዋል። ቀድሞ በ11ኛው ዙር የምትወስደው የታችኛው ክለብ የመሀል ተከላካይ በሚሸነፍበት ቀን 1 ነጥብ ይዞ ይመለስ ነበር። አሁን 2 ተቆጥሮበት 11 ጊዜ ኳስ ካጸዳና ካቋረጠ፣ 2 ሲደመር 2 ሲቀነስ 1፣ 3 ነጥብ ነው። ኳስ በብዛት የሚመጣው ወደ ኋላ ሸሽተው በሚከላከሉ ክለቦች ሳጥን ስለሆነ ይህን ነጥብ የሚሰበስቡት በብዛት እነሱ ናቸው፤ ለምሳሌ የኤቨርተኑ ጀምስ ታርኮውስኪ ዓይነት ሰው። ስለዚህ ደንቡ በጥሩውና በመጠባበቂያው ተከላካይ መካከል ያለውን ርቀት አጥብቦታል። ርቀት ሲጠብ መጠበቅ ይቻላል፤ ጽሑፉ ግን አስቀድሙ ይላል። ይኸው ደንብ ኳስ ነጣቂ አማካዮችንም ስላሳደገ ዘግይቶ የሚወሰደው አማካይ ድሮ ከነበረው የተሻለ ሆኗል። 12 የሚሞላ አጥቂ ግን ጥቂት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ስታስቀምጣቸው አዲሱ ደንብ የሚገፋን አጥቂን ወደማስቀደም ነው።

ተከላካዮችን ለመምረጥ ጽሑፉ “በጨዋታ በአማካኝ 10 የሚደርሱትን እዩ” ይላል። ይህም ያሳስታል፤ 9 ዜሮ ነው፣ 14 ደግሞ ያው 2 ነው። አንዱ ተከላካይ በአምስት ጨዋታ 14፣ 6፣ 13፣ 5፣ 12 ቢሠራ ድምሩ 50፣ አማካኙ 10 ነው፤ ሦስት ጊዜ ገደቡን አልፎ 6 ነጥብ ይዟል። ሌላው 9፣ 9፣ 9፣ 9፣ 14 ቢሠራ ድምሩም አማካኙም ያው ነው፣ ነጥቡ ግን 2 ብቻ። መቆጠር ያለበት ከተጫወታቸው ጨዋታዎች ውስጥ በስንቱ 10ን እንደሞላ ነው።

አንድ ዓይነት ተከላካይ ግን መቅደም ይገባዋል፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፣ ምክንያታችን ቢለያይም። አንዲ ሮበርትሰን በ2018/19 213 ነጥብ፣ ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድ በ2019/20 210 ነጥብ አመጡ። ያንን ያመጣላቸው ማጽዳት አልነበረም፤ መረቡን በማያስደፍር ቡድን ውስጥ ሆነው ከመስመር እየሄዱ ኳስ ማቀበላቸው ነው፣ አሌክሳንደር-አርኖልድ ደግሞ የማዕዘንና የቅጣት ምት ይመታ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሲገኝ ከመጠባበቂያው በ70 እና በ80 ነጥብ ሊርቅ ይችላል፣ 2ኛ ወይም 3ኛ ዙርም ይገባዋል። በየዓመቱ ግን አይገኝም፤ ከሌለ አትፍጠሩት።

ስለ ዋጋ ዝርዝሩ

በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የተለመደው ጨዋታ ዋጋ የወጣው ለበጀቱ እና ነጥቡ እጥፍ ለሚሆነው ካፒቴን ታስቦ ነው። በድራፍት በጀት የለም፤ በርካሽ ነጥብ የሚያመጣ ተጫዋች ርካሽነቱ ምንም አይጨምርልህም። ካፒቴንም የለም፤ በአንድ ቀን 15 ነጥብ የሚያፈነዳ ሰው 15 እንጂ 30 አይሆንልህም።

በዋጋ ዝርዝሩ ፋንታ የራስህን ዝርዝር ሥራ። ያለፈውን ዓመት ነጥብ በየቦታው ለይተህ ከላይ ወደ ታች ደርድር። ጠቅላላ ነጥቡን በጀመረባቸው ጨዋታዎች ቁጥር አካፍል፤ ሃላንድ በ2023/24 ለሁለት ወር ገደማ ተጎድቶ በ31 ጨዋታ 27 ግብ ማግባቱ የሚታየው እንዲህ ሲሠራ ነው። በዚህ ዓመት ስንት ጨዋታ ይጀምራል ብለህ ገምትና አባዛ። ከዚያ በየቦታው መስመር አስምር፦ በ8 ሰው ሊግ ከ8ኛው ግብ ጠባቂ፣ ከ28ኛው ተከላካይ፣ ከ32ኛው አማካይ፣ ከ20ኛው አጥቂ ሥር (ስምንቱ ቡድኖች አንድ ላይ የሚያሰልፉት 88 ሰው ነውና)። ከእያንዳንዱ ተጫዋች ግምት ላይ በቦታው መስመሩ ላይ ያለውን ሰው ግምት ቀንስ። የቀረው ቁጥር አራቱን ቦታ በአንድ ዝርዝር ለማወዳደር ያስችልሃል። ዝርዝሩን ምርጫው ከመጀመሩ በፊት በጨዋታው ዋችሊስት (የምትፈልጋቸውን ተጫዋቾች የምትመዘግብበት ዝርዝር) ላይ በቅደም ተከተል አስገባው፤ ሰዓትህ ሲያልቅ ወይም መስመር ሲቋረጥ ሥርዓቱ የሚመርጥልህ ከዚያ ነው፣ ባዶ ካገኘው በራሱ ደረጃ ይመርጥልሃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሰዓት እየቆጠረ የሚሠራ ዝርዝር 3ኛው ዙር ላይ ይበተናል።

ደግሞም ዳር ላይ የሚመርጥ ሰው ዝርዝሩን በሌላ ዓይን ማየት አለበት። 8ኛ መራጭ 8ኛውንና 9ኛውን አከታትሎ ይወስዳል፣ ከዚያ እስከ 24ኛው ድረስ 14 ተጫዋች በፊቱ ያልፋል። በዚያ መሀል የአንድ ቦታ ጥሩ ተጫዋቾች ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን አጥቂ ማድረግ ለእሱ ከመሀል መራጩ ይልቅ ያስፈልገዋል።

“ከ10ኛ ዙር በኋላ ለውጥ የለም”

ከ15 ዙር 5ቱን መጣል ነው ይህ። በርግጥ ከዚያ የሚገኙት አብዛኞቹ በጥቅምት ከቡድንህ ይወጣሉ። ነገር ግን የሚወጡት በተሻለ ሰው ለመተካት ነው፤ ለዚያም የሚጣል ሰው በትክክለኛው ቦታ ላይ ሊኖርህ ይገባል፣ ቅያሪው አማካይ በአማካይ፣ አጥቂ በአጥቂ ነውና። እኔ ብሆን 11ኛውንና 12ኛውን ዙር ለአራተኛና ለአምስተኛ ተከላካይ፣ በየሳምንቱ ለሚጀምሩ የመሀል ተከላካዮች፣ አደርጋለሁ። 14ኛውን ለሦስተኛ አጥቂ፦ ዛሬ ተጠባባቂ ሆኖ ከፊቱ ያለው ሰው ሊሸጥ የሚችልበትን፣ ወይም ከፊቱ ያለው ዕድሜው የገፋና ቶሎ የሚጎዳበትን። መስኮቱ ሲዘጋ ካልቀናው በመጀመሪያው የቅያሪ ጥያቄ ይወጣል።

የቅያሪ ጥያቄዎች የሚስተናገዱት ከጌምዊኩ መዝጊያ 24 ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ቀድሞ ለደረሰ ይሆናል። አዲስ አጥቂ ፈርሞ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ጥያቄህን ከዚያ ሰዓት በፊት አስገባ፤ አንተ እስክታየው ሦስተኛ አጥቂውን ለመጣል የተዘጋጀ ሌላ ሰው በሊጉ ውስጥ አለ።